«ትንሽ ውሃ ጨምርበት» አይሠራም፦ ስለ ጂኦፖሊመር ኮንክሪት ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ወር «በጂኦፖሊመር ኮንክሪት ላይ ያስቸገራችሁን ነገር ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ከተማሪ፣ ከግንበኛ፣ ብሎኬት ከሚያመርት፣ ዕድሜውን ሳይት ላይ ከጨረሰ መሐንዲስ። ሁሉንም ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሞ ታየኝ። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ጂኦፖሊመርን እንደ ሲሚንቶ ስለምንይዘው ነው። ሲሚንቶ ላይ የለመደ እጅ እዚህ ብዙ ቦታ ይሳሳታል። መልሶቼ ውስጥ ይህን ስደጋግመው ካያችሁ ሆን ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው «አረንጓዴ ኮንክሪት» ይለዋል። በቀላሉ ምንድን ነው? አረንጓዴነቱስ እውነት ነው ወይስ የማስታወቂያ ወሬ?

ከሲሚንቶው እንነሳ። የተለመደው ፖርትላንድ ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭቶ 1450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ሲቃጠል ነው። እዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሁለት ቦታ ይወጣል። አንዱ ከነዳጁ ነው። ሌላው፣ እሱም የሚበልጠው፣ ከራሱ ከድንጋዩ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲግል በውስጡ የያዘውን ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ ነዳጁን በንጹህ ኃይል ብትተኩት እንኳ ይህኛው አይቀርም። ሲሚንቶ ብቻውን ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ጂኦፖሊመር ይህን ድንጋይ ማቃጠል ያስቀራል። ሲሊካና አሉሚና የበዛበት ዱቄት ይወሰዳል። ዱቄቱ ፍላይ አሽ ሊሆን ይችላል፣ ማለትም ከድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ጭስ ላይ የሚሰበሰበው ደቃቅ አመድ። የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ የሆነው ስላግም ይሆናል። ወይም ደግሞ የተቃጠለ ነጭ ሸክላ፣ ሜታካኦሊን የሚባለው። በዱቄቱ ላይ ጠንካራ የአልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ) ፈሳሽ ይጨመራል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሶዲየም ሲሊኬትና የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቅይጥ። ፈሳሹ ዱቄቱን ያሟሟዋል፤ የሟሙት ሲሊከንና አሉሚኒየም በኦክስጅን እየተያያዙ መረብ ይሠራሉ፤ አሸዋውንና ጠጠሩን አጥብቆ የሚይዘው ያ መረብ ነው። ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው ኬሚስት ጆሴፍ ዴቪዶቪትስ ነው፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ። ሐሳቡ ግን ከዚያም ይቀድማል፤ በ1950ዎቹ ቪክቶር ግሉኮቭስኪ ኪየቭ ውስጥ ስላግን በአልካሊ እያነቃ ኮንክሪት ይሠራ ነበር።

አረንጓዴነቱ እውነት ነው፣ ግን ልኩ ይለያያል። ዱቄቱ ተረፈ ምርት ነው፣ ፈሳሹ ግን አይደለም። ሶዲየም ሲሊኬት የሚሠራው አሸዋና ሶዳ አሽ ከ1300 ዲግሪ በላይ ቀልጠው ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። በዚህ የተነሳ የልቀት ቅነሳውን ያሰሉ ጥናቶች አንዱ 9 በመቶ፣ ሌላው እስከ 80 በመቶ ይላል። ሁለቱም ከራሳቸው ስሌት አንጻር ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው ስንት ፈሳሽ ፈሰሰ፣ ከየት ተጓጓዘ፣ ምን ያህልስ ተሞቀ የሚለው ላይ ነው። ለእኔ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ጥንካሬ ፍለጋ ኬሚካል የሚደፋበት ሰው አካባቢውን ረስቶታል።

ጥያቄ፦ የአምስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ በፍላይ አሽ የጥንካሬ መፈተኛ ኪዩብ እየሠራሁ ነው። የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ክምችት 12 ሞላር ነው። ላብራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ትቼ በ28ኛው ቀን ስሰብረው ጥንካሬው 11 ሜጋፓስካል ብቻ ሆነ። የማነባቸው ጽሑፎች 40 እና 50 ይላሉ። ምን አጠፋሁ?

አይዞሽ እህቴ፣ ያን ያህል አላጠፋሽም። ዋናው ምክንያት ራሱ ጥያቄሽ ውስጥ አለ፦ «ጠረጴዛ ላይ ትቼ»። ካልሲየም ያነሰበት ፍላይ አሽ በክፍል ሙቀት ሲበዛ ቀርፋፋ ነው። ያነበብሽው 40 እና 50 አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ኦቨን ለ24 ሰዓት የቆየ ኪዩብ ነው። ሙቀቱ አመዱ ቶሎ እንዲሟሟ ያደርጋል። ስታሞቂው ከነቅርጹ በፕላስቲክ አጥብቀሽ ሸፍኚው፤ ውሃው በአንዴ ከተነነ ውስጡ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል። ከ24 ሰዓት በላይ ማሞቅ የሚጨምረው ጥቂት ነው፣ ኃይል ማባከን ነው። ከሞላሽው በኋላ ግን ወዲያው ኦቨን ከመክተትሽ በፊት ለአንድ ቀን ያህል በክፍል ሙቀት ብታቆዪው ይጠቅማል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እንደ ሲሚንቶ ኪዩብ ውሃ ገንዳ ውስጥ አትክተቺው። ፖርትላንድ ሲሚንቶ ውሃውን ይጠጣዋል፣ ውሃው የድንጋዩ አካል ይሆናል። ጂኦፖሊመር ላይ ውሃው ተሸካሚ ብቻ ነው። ዱቄቱንና አልካሊውን አገናኝቶ አብዛኛው ይወጣል። ገና ያልጠነከረውን ኪዩብ ውሃ ውስጥ ስትነክሪው አልካሊውን እያጠብሽ ታስወጪዋለሽ።

ኦቨን ከሌለሽ ወይም ሥራሽ ሳይት ላይ እንዲውል ከፈለግሽ መፍትሔው ስላግ ነው። ከአመዱ ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን በተፈጨ ስላግ ተኪ። በስላጉ ያለው ካልሲየም በክፍል ሙቀትም ቶሎ ይሠራል፣ ከጂኦፖሊመሩ መረብ ጋር የራሱን ጄል ጨምሮ ክፍተቱን ይሞላል። በራሴ ሥራ ካየሁት ማሻሻያ ሁሉ በጥቂት ድካም ብዙ ለውጥ ያመጣው ይህ ነው።

አሁን ወደ ዱቄቱ። አመድ ሁሉ አንድ አይደለም። አንድ ጊዜ ከአንድ ማመንጫ የመጣ ሁለት ጆንያ አመድ ነበረን። አንዱ ፈዛዛ ግራጫ፣ ሌላው ወደ ጥቁር የሚያደላ። በአንድ ልክ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሚክሰር ሠራናቸው። ፈዛዛው እንደ ማር ተዘረጋ። ጥቁሩ ግን ፈሳሹን ሁሉ መጦ እርጥብ አፈር መሰለ፤ በጣት ስትጫነው ይሰነጠቃል እንጂ አይላወስም። ጥቁረቱ ያልተቃጠለ ካርቦን ነበር። ካርቦን እንደ ስፖንጅ ነው፣ አልካሊውን ይጠጣና ምንም አይሠራበትም። ስለዚህ የአመድሽን የኬሚካል ምርመራ ውጤት ጠይቂ። ሲሊካው፣ አሉሚናው፣ ካልሲየም ኦክሳይዱ፣ ሲቃጠል የሚያጣው ክብደት። ኤኤስቲኤም የተባለው የአሜሪካ ደረጃ አውጪ ድርጅት መስፈርት ይህን የመጨረሻውን 6 በመቶ ላይ ነው የሚያቆመው፣ ለጂኦፖሊመር ግን ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ደግሞ የሲሊካው መጠን ብቻውን አያታልልሽ። ኳርትዝና ሙላይት ሆኖ የተቀመጠው ክፍል ክሪስታል ነው፣ አይሟሟም። የሚሠራው እንደ መስታወት ቅርጽ አልባ የሆነው ክፍል ነው። ደቃቅነትም ትልቅ ድርሻ አለው። አመዱን ለተወሰነ ሰዓት በኳስ ወፍጮ ብታስፈጪው ያለ ተጨማሪ ኬሚካል ጥንካሬው ከፍ ይላል።

ሌላው የሞላሪቲው ነገር ነው። 12 ሞላር ስትሠሪ 480 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለክተሽ 1 ሊትር ውሃ ላይ ጨመርሽ? ብዙ ተማሪ እንዲህ ያደርጋል። 12 ሞላር ማለት ግን ሟሙቶ ያለቀው ፈሳሽ በጠቅላላ 1 ሊትር ሲሆን 480 ግራም ይዟል ማለት ነው። 1 ሊትር ውሃ ላይ ከጨመርሽ ፈሳሹ ከ1 ሊትር ይበልጣል፣ እውነተኛው ወደ 11 ሞላር ይወርዳል። በክብደት መሥራት ይቀላል፦ በ1 ኪሎ ግራም ፈሳሽ ውስጥ 361 ግራም ጠጣሩ፣ ቀሪው ውሃ። ጠጣሩ ክዳኑ ተከፍቶ የሰነበተ ከሆነ ደግሞ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቧል፤ ሚዛኑ ላይ ያየሽው ግራም ሁሉ ሃይድሮክሳይድ አይደለም። ሞላሪቲ መጨመር እስከ አንድ ደረጃ ይረዳል፣ ከዚያ በኋላ ትርፉ አልካሊ መቀመጫ አጥቶ ችግር ይሆናል፤ እታች ነጭ ፀጉር ያበቀለበት ብሎኬት የላከልን ወንድማችን ያሳይሻል።

ለመነሻ የሚሆን ቅይጥ ልስጥሽ። አውስትራሊያ ውስጥ የከርቲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደጋግመው የሠሩበት ነው። ለ1 ሜትር ኩብ፦ ፍላይ አሽ 408 ኪሎ፣ አሸዋ 554 ኪሎ፣ ጠጠር በጠቅላላ 1294 ኪሎ፣ የሶዲየም ሲሊኬት ፈሳሽ 103 ኪሎ፣ 8 ሞላር የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ 41 ኪሎ። ሲሊኬቱ ለሃይድሮክሳይዱ 2.5 እጥፍ ነው፣ ጠቅላላ ፈሳሹ ለአመዱ 0.35። 8 ሞላር መሆኑን ልብ በይ፣ ካንቺ ያነሰ ነው። አሸዋውና ጠጠሩ ውስጣቸው የጠገበ፣ ላያቸው ግን የደረቀ ይሁን። ደረቁን ለ3 ደቂቃ፣ ፈሳሹ ከገባ በኋላ ለ4 ደቂቃ ያህል አዋህጂ።

ጥያቄ፦ ሳይት ላይ ስላግ የበዛበት ቅይጥ እየሞከርን ነው። ገና ሚክሰሩ ውስጥ እያለ መያዝ ይጀምራል። ልጆቹ ሲጨንቃቸው ውሃ ይጨምሩበታል፣ ጥንካሬው ይወድቃል። እንዴት እናድርግ?

ልጆቹን አይቆጧቸው፣ ሲሚንቶ ያስተማራቸውን ነው ያደረጉት። እዚህ ግን ውሃው ድንጋይ ውስጥ አይገባም ብያለሁ። የጨመሩት ሊትር ሁሉ አልካሊውን ያቀጥናል፣ ሲወጣም ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ጥንካሬው ብቻ አይደለም የሚወድቀው። በቀዳዳው ነገ ጨውና አሲድ ይገባል።

መጀመሪያ ፈሳሹ ሲገባ ስንት ዲግሪ እንደነበር ይጠይቋቸው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ላይ ሲሟሟ በርሜሉ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። ጠዋት በጥብጦ ወዲያው ወደ ሚክሰር ያፈሰሰ ሰው ትኩስ ፈሳሽ ነው የጨመረው፣ ትኩስ ደግሞ ቶሎ ያስይዛል። ከአንድ ቀን በፊት ይበጥብጡትና ተከድኖ ይደር። ቀጥሎ ስላጉን ይቀንሱ፣ በቦታው ፍላይ አሽ ይግባ። ስላጉ ከግማሽ በላይ ከሆነ በሙቀት ሰዓት ጊዜ አይሰጥዎትም። የሃይድሮክሳይዱን ሞላሪቲም ዝቅ ያድርጉ፤ ስላግ እንደ ፍላይ አሽ ኃይለኛ አልካሊ አይፈልግም።

ማቅጠኛ ኬሚካል እንጨምር ካሉ ከመግዛትዎ በፊት ይሞክሩት። ለሲሚንቶ የሚያገለግሉት አዳዲሶቹ የፖሊካርቦክሲሌት ዓይነቶች በእንዲህ ያለ ብርቱ አልካሊ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይፈርሳሉ፣ ገንዘቡ ይባክናል። የናፍታሊን ዓይነቶቹ ፍላይ አሽ ላይ የተሻለ ይሠራሉ፣ ከዱቄቱ ክብደት እስከ 2 በመቶ ድረስ። ከዚያ በላይ ጥንካሬ ይቀንሳል። ደግሞ ሶዲየም ሲሊኬት የበዛበት ቅይጥ በተፈጥሮው የሚያጣብቅ ነው። በስላምፕ፣ ማለትም ትኩስ ኮንክሪት ቅርጹ ሲነሳለት ምን ያህል እንደሚወርድ በሚታይበት ምርመራ፣ ሲለኩት ደረቅ መስሎ ቫይብሬተር ሲገባበት ግን ይፈሳል። በዓይን ብቻ አይፍረዱበት።

ጥያቄ፦ ብሎኬት አመርታለሁ። በጂኦፖሊመር የሠራሁት ጥሩ ጠንክሯል፣ ግን ከዝናብ በኋላ ላዩ ላይ ነጭ ፀጉር የመሰለ ነገር ይበቅላል። ስጠርገው ይመለሳል። ደንበኛ ሸሸብኝ።

ወንድሜ፣ ያ ነጭ ነገር ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ጠጋ ብለህ ብታየው ቀጫጭን መርፌ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ስትነካው ወዲያው ይጠፋል። ብሎኬቱ ውስጥ ሥራ ያጣ ሶዲየም አለ። እርጥበት ተሸክሞ ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ውሃው ይተናል፣ ሶዲየሙ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ጨው ሆኖ ይቀራል። መጥረግ የማይጠቅመው ምንጩ ውስጥ ስላለ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የመልክ ጉዳይ ነው። ግን አትናቀው። ጨው ቀዳዳ ውስጥ ሲያድግ ላዩን ይልጠዋል፣ ከዚያም በላይ «አልካሊ አብዝተሃል፣ ቀዳዳህም ክፍት ነው» እያለህ ነው። አልካሊውን ቀንስ። መረቡ ውስጥ እያንዳንዱ አሉሚኒየም አንድ ሶዲየም ይይዛል፣ የተረፈው ነው ተንሳፋፊ። ጥንካሬው ሳይጎዳ ምን ያህል መቀነስ እንደምትችል ደረጃ በደረጃ ሞክር። ከዚያ አሉሚና ያለበት ነገር ጨምር፣ ትንሽ ሜታካኦሊን ይበቃል፤ ተንሳፋፊውን ሶዲየም ያስረዋል። ስላግ ቀዳዳውን ያጠብበዋል። ማሞቅ ከቻልክ አሙቅ። ሲመታ በደንብ ይጠቅጠቅ። ደግሞ አዲስ ብሎኬት ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝናብ አይንካው፤ ብዙ አምራች የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ለመሸጥ ከመቸኮልህ በፊት ይህን አድርግ። ዝርግ ሳህን ላይ 1 ሴንቲሜትር ያህል ውሃ አፍስስና ብሎኬቱን አቁምበት። ውሃው ሲጎድል ሙላ። ከታች እየጠጣ ከላይ ያተናል። ሊያበቅል ያለው ሁሉ በሁለትና ሦስት ሳምንት ፊትህ ላይ ይበቅላል። አዲስ ቅይጥ በሠራህ ቁጥር ድገመው።

ጥያቄ፦ ረጅም ዓመት በመዋቅር ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ጥንካሬው አያሳስበኝም። የማስበው ፌሮውን ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል ወይ የሚለውን ነው። ላብራቶሪ ልኬው አንዱ ምርመራ «እጅግ ጥሩ» ሌላው «ደካማ» አለኝ። የቱን ልመን?

ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል። ጥንካሬና ዘላቂነት አንድ አይደሉም፣ 60 ሜጋፓስካል የተሸከመ ኮንክሪት ፌሮውን ሊያስበላ ይችላል።

መጀመሪያ የምርመራውን ግጭት ልፍታ። ብዙ ላብራቶሪ የክሎራይድ (ፌሮውን የሚያዝገው የጨው ክፍል) መግባትን የሚለካው በኤሌክትሪክ ነው፤ ናሙናው ላይ 60 ቮልት ለ6 ሰዓት ይለቀቃል፣ ያለፈው የኤሌክትሪክ መጠን በኩሎምብ ይቆጠራል። ይህ ለሲሚንቶ የተሠራ ዘዴ ነው። ጂኦፖሊመር ቀዳዳው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በሶዲየም የተሞላ ስለሆነ ክሎራይድ ባይገባም ኤሌክትሪኩን ራሱ ያሳልፋል። ቁጥሩ ስለ ቀዳዳው ፈሳሽ እንጂ ስለ ክሎራይዱ አይነግርዎትም። ናሙናውን ጨው ውሃ ውስጥ ለሳምንታት ነክሮ ከዚያ በየሚሊሜትሩ እየፋቁ ክሎራይዱን መለካት ነው የሚታመነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይድከሙበት።

ካርቦኔሽንም፣ ማለትም የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶ አልካሊነቱን መቀነሱም፣ እንዲሁ። ፖርትላንድ ሲሚንቶ ውስጥ የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ክምችት አለ፤ አየሩ ሲገባ እየተበላ ፌሮውን ይጠብቃል። ጂኦፖሊመር ይህ ክምችት የለውም ማለት ይቻላል። ፌሮውን የሚጠብቀው የቀዳዳው ፈሳሽ አልካሊነት ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ደካማ ጎኑ እውነት ነው። ነገር ግን ላብራቶሪው ለማፋጠን 4 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ከከተተው ውጤቱ ከእውነቱ የባሰ ሆኖ ይወጣል። ተፈጥሯዊው አየር 0.04 በመቶ ነው። ጋዙ ሲበዛ ቀዳዳው ውስጥ የሚፈጠረው ጨው ዓይነቱ ይለወጣል፣ ፒኤቹም (የአልካሊነቱ ልኬት) በተፈጥሮ ከሚወርደው በላይ ይወርዳል። ከ1 በመቶ ያልበለጠ ጋዝ ይጠይቁ። የፌሮውን ሽፋን ደግሞ አይሰስቱ፤ እኔ ብሆን ለሲሚንቶ ከማስቀምጠው ላይ አልቀንስም።

በሌላ በኩል ሲሚንቶን የሚያስከነዳበት ቦታ አለ። አሲድ ሲሚንቶን የሚበላው በካልሲየሙ በኩል ነው፤ ካልሲየም ያነሰበት ጂኦፖሊመር በፍሳሽ ቱቦና በኬሚካል ወለል ላይ የበለጠ ይቆያል። ሶዲየም ሰልፌት ያለበት አፈርም ብዙ አይጎዳውም፣ ማግኒዥየም ሰልፌት ግን ከባድ ነው፣ በተለይ ስላግ ከበዛበት። እሳት ላይ ደግሞ የሲሚንቶው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ከ400 ዲግሪ በላይ መፍረስ ሲጀምር የፍላይ አሽ ጂኦፖሊመር መረብ በቦታው ይቆያል፤ የሚያስቸግረው ውስጡ ያለው ጠጠር መለጠጡ ነው።

«ተሠርቶበታል ወይ?» ብለውም ጽፈዋል። አዎ። አውስትራሊያ ውስጥ በ2013 የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ግሎባል ቼንጅ ኢንስቲትዩት ሕንፃ 33 ተገጣጣሚ የወለል ተሸካሚዎች በጂኦፖሊመር ተሠርተዋል። ቱዉምባ አጠገብ ያለው ዌልካምፕ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ በ2014 ሲከፈት ወደ 40,000 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ጂኦፖሊመር ኮንክሪት ፈሶበት ነበር፣ አውሮፕላን የሚቆምበትንና የሚዞርበትን ንጣፍ ጨምሮ።

ጥያቄ፦ ብዙ ስላግ ስጠቀም ይሰነጠቃል። ፋይበር ይረዳል?

ይረዳል፣ ግን መጀመሪያ ስንጥቁ መቼ እንደመጣ እይ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሆነ ላዩ ደርቆ ነው፤ እንደሞላህ በፕላስቲክ ሸፍነው። ከሳምንታት በኋላ ከሆነ የስላጉ መኮማተር ነው፣ ስላጉንና ሲሊኬቱን ቀንስ። ጂኦፖሊመር በባሕርዩ ተሰባሪ ነው፤ ኪዩቡ ማሽን ላይ ቀስ ብሎ አይላላም፣ ጧ ብሎ ነው የሚሄደው። ፋይበር ይህን ይለውጣል። ብረት ከሆነ በይዘት 0.5 በመቶ፣ ማለትም ለ1 ሜትር ኩብ 39 ኪሎ ገደማ፣ ጥሩ መነሻ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ለመጀመሪያ ቀን ስንጥቅ ይበቃል። ተራ የመስታወት ፋይበር ግን አትግዛ፣ አልካሊው ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ፒራሚዶቹ በጂኦፖሊመር ነው የተሠሩት የሚባለው እውነት ነው?

ይህን መላ ምት ያቀረበው ያው ዴቪዶቪትስ ነው። አብዛኞቹ የሥነ ቁፋሮና የሥነ ምድር ባለሙያዎች አልተቀበሉትም። ድንጋዩ የተቆረጠባቸው ቦታዎች፣ መሣሪያዎቹና ያልተጠናቀቁ ድንጋዮች ዛሬም ይታያሉ።

ጥያቄ፦ ፍላይ አሽም ስላግም የማይገኝበት ቦታ ነኝ። ሌላ ነገር አለ? ቤቴ ጓሮ ልሞክረው ብልስ?

አለ። ነጭ ሸክላ፣ ካኦሊን ያለበት፣ ከ650 እስከ 800 ዲግሪ ቢቃጠል ሜታካኦሊን ይሆናል። ከዚያ በጣም ካለፈ እንደገና ክሪስታል ይሆንና ይሞታል፣ ስለዚህ ሙቀቱን መቆጣጠር ያስፈልጋል። ሜታካኦሊን ብዙ ፈሳሽ ይጠጣል፣ ብቻውን ሲሆን ይኮማተራል፤ ከሌላ ዱቄት ጋር አደባልቂው። የእሳተ ገሞራ አመድና የተሰበረ ጡብ ዱቄትም ይሆናሉ፣ በደንብ ከተፈጩና ከሞቁ። የሩዝ ገለባ አመድ ሌላ ጥቅም አለው፦ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አፍልተሽ ሲሊኬቱን ራስሽ መሥራት ትችያለሽ፣ ያን ሁሉ ምድጃ ሳያስፈልግ። ጥናት የሚፈልግ ሰው ይህ ላይ ቢያተኩር ደስ ይለኛል። ልቀቱን ከሥሩ ከሚቀንሱት ነገሮች አንዱ ነውና።

ጓሮ የሚለው ግን ያስፈራኛል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲሚንቶ አይደለም። ሲሚንቶ እጅ ያደርቃል፣ ይህ ሥጋ ያሟሟል፤ ዓይን ውስጥ አንድ ጠብታ ከገባ ማየት ሊያሳጣ ይችላል። ከሞከርሽው ዓይን የሚዘጋ መነጽር፣ ረጅም የጎማ ጓንት፣ ሙሉ ልብስ። ምንጊዜም ጠጣሩን ውሃው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ እንጂ ውሃውን ጠጣሩ ላይ አታፍስሺ፤ ይፈላና ይረጫል። የአሉሚኒየም ድስት ወይም ባልዲ አይሁን፣ ይበላዋል፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። ወፍራም ፕላስቲክ ይሻላል። ሕፃናት አካባቢው አይኑሩ። ቆዳሽን ከነካሽ የነካውን ልብስ አውልቀሽ በሚወርድ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ታጠቢ፣ ዓይን ከሆነ እየታጠብሽ ሐኪም ይጠራ። በሆምጣጤ ላክሽፈው የሚል ሰው ካለ አትስሚው። ከመበጥበጥሽ በፊት የታጠቢያ ውሃው ጎንሽ ተቀድቶ ይቀመጥ።